ዳንግላ የገባው ፍም

ልጅ ሳለሁ እሳት የሚተኛ ይመስለኝ ነበር። አባባ፣ የአባቴ አባት፣ ማታ ከእራት በኋላ ፍሙን ሰብስበው፣ ኩበት ደልድለውበት፣ በአመድ ሲሸፍኑት ሕፃን የሚያለብሱ ያህል ቀስ ይሉ ስለነበር፣ እንዳይነቃ ብዬ እኔም ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ቀይ ዓይኑን ይገልጣል። ያኔ የምንኖረው ከዳንግላ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር። መንደርተኛው ቤታችንን «እሳት የማይጠፋበት ቤት» ይለው ነበር፤ ማለዳ ገል ይዞ እሳት ሊጭር ያልመጣ ጎረቤት አልነበረንም።

እሳቱ የሴት አያቴ ነበር። ከአባባ ጋር ጎጆ በወጡ ቀን ከእናታቸው ምድጃ ፍም በገል ተሸክመው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳያጠፉት ኖረው፣ እኔ ሳልወለድ አረፉ። መዳፈኑን አባባ ወረሱት። ሽማግሌ ወንድ ምድጃ ሥር ተጎልቶ አመድ ሲጭር ማየት ለመንደሩ ትልቅ ሳቅ ነበር፤ እኩዮቻቸው በበራችን ሲያልፉ «እመቤት፣ ወጡ ደረሰ?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። አባባ ቁጡ ሰው ነበሩ፣ ሌላ ነገር ቢሆን ከዘራ ያነሡ ነበር፤ በዚህ ግን ይስቃሉ። እሳቱን ሲያነቁ በአገውኛ የሚያጉተመትሙት ነገር ነበራቸው። እኛ ልጆቹ አማርኛ ይቀናን ስለነበር ሁሉም አይገባኝም ነበር፣ የአያቴን ስም ግን እሰማ ነበር።

ተረታቸውም እንደ እሳቱ ነበር። ፍሙን እየቆሰቆሱ «ላንቃው?» ይሉናል። እኔና ወንድሜ «ያንቁት!» እንላለን። ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ ጥላቸው አንዴ ጅብ፣ አንዴ ንጉሥ ይሆናል። አንድም ተረት በአንድ ምሽት አልቆ አያውቅም፤ ልባችን ተንጠልጥሎ ሳለ አመዱን ይመልሱና «የቀረው ነገ፤ አብሮ ይደር» ይላሉ። ተረቱ ከፍሙ ጋር አመድ ውስጥ ያድራል፣ በማግስቱ ማታም ካቆመበት ይነሣል።

አባቴ አስተማሪ ነበር። ወደ ዳንግላ ሲዛወር እዚያ ቤት መሥራት ጀመረና ክረምቱን ሙሉ ወሬያችን ስለ ቤት ብቻ ሆነ። ደጃችን ላይ መሬቱን በእንጨት እየጫረ ክፍሎቹን ይሥልልናል፤ እናቴ አልጋውንና ቡፌውን በሲባጎ ትለካና ሲባጎዋን ሥዕሉ ላይ ትዘረጋለች። ዝናብ ሥዕሉን ሲያጠፋው በማግስቱ እንደገና ይሣላል። እኔም የኔ በተባለው ክፍል ውስጥ ቆሜ እጨፍር ነበር። አንድ ቀን አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡና ሥዕሉን ቀስ ብለው ዞሩት።

«የእርስዎ ክፍል ይኸው አባቴ፤ መስኮት አለው» አለ አባቴ በኩራት።

«ደግ። እሳቱስ?»

«የምን እሳት? ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ መብራት አለ። ማድቤቱን በጋ ሲሆን እሠራዋለሁ።»

አባባ ወደ ምድጃቸው ተመልሰው ገቡ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በኩራዝ ጭስ ዓይናችንን እያሸን እንዳናጠና ብሎ ነው ያን ሁሉ የደከመው። ሁሉን ነገር ለክቶ ነበር፤ እሳት ቦታ እንደሚፈልግ ግን ከአባባ በቀር ያሰበ አልነበረም።

የመጨረሻው ማታ ዕቃው ሁሉ ተጠቅልሎ፣ አልጋው ተፈታትቶ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ቤቱ ባዶ ስለሆነ የአባባ ድምፅ ያስተጋባ ነበር። የጃርትና የሚስቱን ተረት ጀመሩልን። ሚስት ውሃ ልትጠጣ ወርዳ ሳትመለስ ቀረች። ጃርት ሲጠብቅ ሲጠብቅ ክረምት ገባ፣ ጎርፍ ጉድጓዱን ሞላው፤ ዘመዶቹም «ና እንሂድ፣ ደረቅ አገር አግኝተናል» አሉት። ቢቀር ይሰምጣል፤ ቢሄድ ደግሞ ሚስቱ ስትመለስ የምታገኘው ባዶ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ መንታ መንገድ በደረሰ ቁጥር ከጀርባው አንድ እሾህ እየነቀለ በሄደበት በኩል ተከለ። ያመዋል፣ ይነቅላል፣ ይተክላል። ደረቁ አገር ሲደርስ ጀርባው እንደ አይጥ ሆኖ ስለነበር ዘመዶቹ ሳቁበት። እሱ ግን አዲሱ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ጀመር።

«መጣች?» አልኩ።

«እሱን አዲሱ ቤት ስንገባ» አሉና አመዱን አለበሱት።

በማግስቱ ጋሪዎቹ ተጭነው፣ ጎረቤት አልቅሶ መርቆን ልንነሣ ስንል፣ አባባ ፍሙን በአመድና በኩበት ሸፍነው በገል ታቅፈው ብቅ አሉ። ባለጋሪው ፈረሱን ያዝ አደረገ።

«ይቅርታ ያርጉልኝ አባቴ፣ የጭድ ፍራሽ ጭኜ እሳት አልጭንም።»

«ኧረ ምን ነካዎት? ክብሪት ሞልቶ!» አለ አባቴ።

«ክብሪት ባዳ ነው» አሉ አባባ፣ እና በእግራቸው ተነሡ።

እኔም ከጋሪው ወርጄ ተከተልኳቸው። መንገዱ ገና የክረምት ጭቃ ነበር። ዛፍ ባገኙ ቁጥር ከሥሩ ቆመው ገሉን በጋቢያቸው ከልለው እፍ ይላሉ፤ እኔ አጥር ለአጥር ደረቅ ኩበት እለቅማለሁ። ካፊያ ሲመጣ ጋቢውን ለፍሙ አልብሰው እሳቸው ይበሰብሳሉ። ከገበያ የሚመለስ ሰው «አባቴ፣ ምን ይዘው ነው?» ሲላቸው «ሚስቴን» ይላሉ ቆጣ ብለው። ሰዉ ይስቃል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፤ ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ዳንግላ የደረስነው መሸት ሲል ነው። ገሉ ከሙቀቱ የተነሣ ተሰንጥቆ ነበር፣ ፍሙ ግን ነበረ። ቤቱ በአምፖል ደምቋል፤ እናቴ ሲሚንቶውን ወልውላ መስታወት አስመስላዋለች። አባባ ደጃፉ ላይ ቆመው ጭቃ የያዘ እግራቸውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ገሉን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ።

«የት ላኑረው?» አሉ።

እናቴ ደንግጣ ከጎረቤት የብረት ከሰል ማንደጃ ተውሳ መጣች። አባቴም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት ውስጥ ግን አይሆንም አባቴ፤ የከሰል ጭስ በተኛንበት ይጨርሰናል» አላቸው። ይኸም እውነት ነው። ማንደጃው በረንዳ ላይ ተቀመጠና አባባ ፍሙን ገለበጡበት። የብረቱ ሥር ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አመዱ እየተንጠባጠበ ወረደ፤ አመድ የማይለብስ እሳት ደግሞ አይተኛም፣ ነዶ ነዶ ያልቃል። ወንድሜ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አባባ፣ ላንቃው አይሉንም?» አልኳቸው።

«ግቢ ሆዴ፣ ይበርድሻል።»

ጠዋት ስወጣ እዚያው በርጩማ ላይ ነበሩ። መዳፋቸውን ማንደጃው ላይ ዘርግተው አስቀምጠውታል፤ አልተቃጠሉም፤ ብረቱ ቀዝቅዟል። እናቴ «ይነሡ አባቴ፣ ይግቡ» እያለች አለቀሰች። አባቴ ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሞ ነበር።

በበጋ ማድቤቱ ተሠራ። ጉልቻ ተጎለተ፣ እናቴ ክብሪት ጫረችና እሳት ሆነ። አባባ ግን አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ አልተቀመጡም። ክፍላቸው ውስጥ በመስኮቱ በኩል መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ፤ ያ ሁሉ ቁጣቸው የት እንደገባ አላውቅም። ክረምት ሊገባ ሲል አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «አባባ፣ የጃርቱ ሚስት መጣች?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም።

«እንጃ ሆዴ። የመጨረሻው መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ እሾህ አልቆበት ነበር» አሉኝ።

በዚያው ክረምት አረፉ። እኔ ያኔ ስለ ጃርት የነገሩኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ፣ አንድ እፍኝ አመድና አንድ ክንድ መሬት ብናገኝላቸው ኖሮ እላለሁ።

አሁን እንጅባራ ነው የምኖረው። ሰሞኑን ቤት ልንቀይር ዕቃ ስንጠቀልል መብራት ሄደብንና ልጄ ጆንያ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። በሻማ ብርሃን ጥላዋን ግድግዳው ላይ ሳይ የጃርቱን ተረት ጀመርኩላት።

«መጣች?» አለችኝ መጨረሻው ላይ ስደርስ።

መጣች ብዬ ልዋሽላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ እሺ አላለኝም።

«እሱን አዲሱ ቤት ስንገባ» አልኳት። ነገ እንገባለን፤ ምን እንደምላት አላውቅም።