ለብድር የተባለ አሜን

ዱካሞ ሀቢሶ ያን ሳምንት ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም። ጆሃንስበርግ ዳር ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ባለችው ሱቁ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ፣ ቁጭ ብድግ ሲል ይውላል። ዳቦ ሲሉት ሳሙና ያነሳል፤ ስኳር ሲሉት "ኔትወርክ አለ እንዴ?" ብሎ መልሶ ይጠይቃል። "ማይ ፍሬንድ፣ ምን ነካህ?" ይሉታል ደንበኞቹ። የነካው ነገር የለም፤ የመንግሥት ስልክ እየጠበቀ ነው።

እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገችውን ልጁን ፊቤን ዩኒቨርሲቲ ለፋርማሲ ትምህርት ተቀብሏታል። ለክፍያው ደግሞ ወላጅ በራሱ ስም የሚወስደው የመንግሥት ብድር አለ፤ ልጅ ይማራል፣ ወላጅ ይከፍላል። በደጉ ጊዜ ቢሆን ቢሮ ሄዶ ፈርሞ ይመጣ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ቢሮው ስለተዘጋ ግን ፊርማውም በድምፅ ሆነ። "በዚህ ሳምንት እንደውላለን" ይላል የደረሰው መልእክት፤ "ከቤተሰብ ውጭ የሆነ፣ መታወቂያ ያለው አንድ ምስክር ያዘጋጁ። ካላነሱ ወደ ሌላ አመልካች እናልፋለን።" ቀኑም ሰዓቱም አልተነገረም። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋልና፣ ያኔ ዱካሞ ስልኩን ሽቅብ አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ ይንከራተታል። ፊቤ "ዳዲ፣ ሪላክስ" ትለዋለች፤ እሷም ብትሆን ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች።

የባሰው ጭንቅ ምስክሩ ነበር። ሰው ጠፍቶ አይደለም። ዱርንፎንቴን በሚባለው የከተማው ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው እሱ ራሱ ሽማግሌ ነው፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ የሚቆምለት ሞልቷል። ግን በምን አፉ? በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ወላጅ ሁሉ የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበ እንቅልፍ በሚያጣበት ወር፣ መድረክ ላይ ወጥቶ "ብድር ገመድ ነው፤ ጫፉን የያዘው ይጎትትሃል" ሲል የኖረው እሱ ነው። ሲናገርም ያምርበታል፤ መቼም በሰው ጓዳ መካሪ ያልሆነ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ እህት በቀለች መጥታበት ነበር። ባሏ ሞቶባት፣ ልብስ እየሸጠች ልጇን ቲቶን ያሳደገች ሴት ናት። ቲቶ ምሕንድስና ተቀባይነት አግኝቶ፣ ያንኑ ብድር ልትወስድለት "ምስክር ሁነኝ" አለችው። "እኔ ለብድር አልመሰክርም፣ እንጸልይበት" አላት። ጸለዩ። ቲቶ ዛሬ በሞተር ምግብ ያመላልሳል። ዱካሞ በሱቁ ደጅ ሞተር ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። አፍሯል፤ አፍሬአለሁ ማለቱን ግን አልቻለበትም። እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ስለዚህ ስልኩ ሲመጣ ይመሰክርልኛል ብሎ ተስፋውን ዳቦ በሚያመጣለት ሰውዬ ላይ ጣለ። ሰውዬው ጠዋት በመጣ ቁጥር ለስላሳ ይከፍትለታል፣ የኳሱን ወሬ ይጠይቀዋል፣ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ ይዘጋበታል። "ማይ ፍሬንድ፣ ሌላም ሱቅ አለብኝ እኮ" ብሎት ይሄዳል። ስልኩ ግን ዝም።

የሳምንቱ መጨረሻ ዓርብ ደረሰ። ዓርብ የምሳ ሰዓት ጸሎት አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ በኢንተርኔት፣ በዙም ነው። መሪው ዱካሞ ነበር። ፊቤን ፍርግርጉ ጋ አቁሞ ጓዳ ገባና የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጠ፤ ላፕቶፗን ፊቱ ዘረጋ። "ዓይናችንን እንጨፍን" አለ። ሁሉም ጨፈኑ። እሱ አንዱን ዓይኑን ስልኩ ላይ ተወው።

ገና ጸሎቱን ሳያጋምስ ስልኩ ጮኸ። ዱካሞ ማይኩን ሊዘጋ ተጣድፎ ላፕቶፑን ተጫነ፤ የዘጋው ግን ካሜራውን ነበር። ምስሉ ሲጠፋ የወጣ መሰለውና ስልኩን አንስቶ ስፒከር ላይ አደረገው።

"ሚስተር ሀቢሶ፣ ብድሩን የሚወስዱት በፈቃድዎ ነው?" አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ።

"አዎ፣ በፈቃዴ ነው።"

"አሜን" አለ አንድ ድምፅ።

"ዕዳው የልጅዎ ሳይሆን የእርስዎ መሆኑን ተረድተዋል?"

"ተረድቻለሁ።"

"አሜን፣ አሜን።"

ዱካሞ ላፕቶፑን አየ። ድምፁ የበቀለች ነው። ያን ያህል ዘመን ጆሃንስበርግ ኖራ እንግሊዝኛዋ ከልብስ ዋጋ አላለፈም፤ በእንግሊዝኛ የሚጸልይ መስሏት ንግግሩ ባበቃ ቁጥር አሜን ትላለች። እንግሊዝኛ የሚችሉት ግን አንድም ሳይቀር ሰምተው ዝም ብለዋል። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"አጠገብዎ ያለው ማነው?" አለች ሴትዮዋ። "አስገድዶዎት እንዳይሆን።"

"የለም። ቤተ ክርስቲያን ነው።"

"ታዲያ ምስክር አለዎት ማለት ነው። ድምፁ ከተሰማኝ ይበቃል፤ አንዱ ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ይንገረኝ።"

አንዱም ማይኩን አልከፈተም። ከፍርግርጉ በኩል ፊቤ ለአንድ ደንበኛ መልስ ስትቆጥር ለዱካሞ ይሰማዋል።

"ወንድም ዱካሞ" አለች በቀለች፣ "ምን ትላለች ሴትዮዋ?"

"ምስክር ትፈልጋለች።"

"የምን ምስክር?"

"የብድር። ለፊቤ።"

"እኔም ለቲቶ የለመንሁህ ይህንኑ ነበር እኮ" አለች በቀለች።

"ይህንኑ ነበር" አለ። "በድዬሻለሁ፣ እህት በቀለች።"

"አዎ፣ በድለኸኛል" አለች። "በል አሁን ሴትዮዋን አታስጠብቃት። ስሜን ንገራት። ቁጥሩን እኔ ልንገርህ፣ አንተ ተርጉም።"

እሷ ቁጥሩን በአማርኛ አንድ በአንድ ስትጠራ እሱ በእንግሊዝኛ እየደገመ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ጨረሰ። ሴትዮዋ ብድሩ መጽደቁን ነገረችው፤ እንኳን ደስ ያለዎትም ብላ ልትሰናበተው ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ ይህን ቃል ሲጠብቅ ነበር፤ አሁን ግን እንደ ሰማው ከከረጢቱ ላይ ብድግ አለ።

"ሲስተር፣ እባክሽ አትዝጊው" አላት በእንግሊዝኛው። "አንድ ሌላ ልጅ አለ፣ ቲቶ ይባላል። እናቱ ምን መላክ እንዳለባት ንገሪኝ። የእሱ ምስክር እኔ ነኝ።"

በቀለች ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ የልጇን ስም ብቻ ለየች።

"አሜን" አለች።