ቀድሞ የመምታት ትምህርት

ከደሴ የወጣሁ ለታ ማታ መብራት አልነበረም። እናቴ በስልኳ ብርሃን ሻንጣዬን እየዘጋች «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ትለኛለች። ውጭ ሰው ሲሮጥ ይሰማል፤ ለምን እንደሚሮጥ ማን ይጠይቃል። ዲቪ የደረሳት ልጅ ትጨፍራለች ይባላል፤ እኔ ግን ጥርሴ በፍርሃት ይንገጫገጭ ነበር። እናቴ ግንባሬን ሳመችና «እዚያ እንኳ ሳትሳቀቂ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ይህችን ተስፋ ይዤ ነው ሲያትል የገባሁት። ለካ ፍርሃቱም አብሮኝ መጥቶ ኖሯል።

ከሲያትል ወጣ ብሎ ቡሪየን ላይ ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ ጋሽ ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። «ጋሽ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አባቴን የሚያህል ሰው በባዶ ስሙ ልጠራ ብል አፌ እምቢ አለኝ። ቤቱን ሲያሳዩኝ እንዲህ ነበር የተባባልነው።

«ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

«አላጨስም።»

«ውሻ ወይም ድመት?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። ጋራዥ ውስጥ ሰይፎች አሉ፤ አትንኪ።»

«ሰይፉ ለምንድን ነው?»

«ለሐሙስ» አሉኝ፣ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን እንደሚናገር ሰው። ያን ሰሞን በሬን በወንበር ደግፌ ነው የተኛሁት። በኋላ ሳጣራ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሰው ሰብስበው የድሮ ጀርመኖችን የረጅም ሰይፍ ውጊያ ያስተምራሉ።

እኔ ኤርፖርት አውሮፕላን አጸዳለሁ። አንድ ምሽት ከባስ ስወርድ አንድ ጎረምሳ ከኋላ መጥቶ እጁን አነሳብኝ። አልመታኝም እኮ። እኔ ግን ራሴን በሁለት እጄ ሸፍኜ መሬት ቁጭ አልኩ። ስልኬን ከኪሴ አውጥቶ ቀስ ብሎ ሄደ፤ መሮጥ እንኳ አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲህ ከፌርማታው እስከ ቤት ያለውን መንገድ መሄድ ፈራሁ። ኮል እያደረግኩ አሞኛል ብዬ ስቀር፣ አለቃዬ «ከደገምሽ ሌላ ሰው እንተካለን» አለችኝ። ሶ፣ ወይ መንገዱን መሄድ ነው፣ ወይ ሥራውን ትቶ ደሴ መመለስ። ጋሽ ዋልተር ይህን ሲሰሙ «ሐሙስ ነይ» አሉኝ።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ኦበርሃው ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ምት። ከዚያ ኡንተርሃው፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው። ከቀኝ ትከሻ ተነስቶ በሰያፍ የሚወርደውን ደግሞ ጾርንሃው ይሉታል፤ የቁጣ ምት ማለት ነው። ሰይፉ ይቀድማል፣ ቀኝ እግር ይከተላል፣ ጫፉ ባላጋራሽ ፊት ላይ ይቆማል። ባዶ አየር ስመታ ጎበዝ ነበርኩ። ጭንብል አጥልቀን ፊት ለፊት ስንቆም ግን ጉድ ፈላ። ነጭ ፂማቸው በጭንብሉ ወንፊት ውስጥ እየታየኝ እንዴት አድርጌ ልሰንዝር? አንገቴን ሰበር አድርጌ እሳቸው እስኪቀድሙ እጠብቃለሁ። ጧ አድርገው ጭንብሌ ላይ ያሳርፉታል። እኔም «ሶሪ» እላለሁ።

«የተመታሽው አንቺ፣ ሶሪ የምትዪውም አንቺ» ብለው ሰይፋቸውን አወረዱ። «ለምን አትመቺም?»

«በእኛ አገር ታላቅ ነው የሚቀድመው።»

«በምን?»

«በሁሉም። በር ሲገባ፣ እጅ ሲታጠብ፣ ማዕድ ሲቀረብ።»

«እዚህ ቀድሞ የመታ ነው ቤቱ በሰላም የሚገባው። ከጠበቅሽ ዕድሜ ልክሽን ስትከላከዪ ትኖሪያለሽ።»

ስንት ሐሙስ እንደፈጀብኝ እንጃ፣ በመጨረሻ ጾርንሃውን ጭንብላቸው ላይ አሳረፍኩት። እሳቸው በደስታ ሳቁ። ለእኔ ግን አባቴን የመታሁ ነው የመሰለኝ። ያም ሆኖ ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ መንገዱንም እየፈራሁም ቢሆን መሄድ ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት ከባስ ወርጄ በካፊያ ስሄድ ከኋላዬ ፈጠን ፈጠን የሚል ኮቴ ሰማሁ። አልጠበቅኩም። የተጠቀለለ ጃንጥላዬን ከቀኝ ትከሻዬ አንስቼ፣ ዞሬ፣ እግሬን አስከትዬ ሰነዘርኩ። ጫፉ አፍንጫቸው ስር ደርሶ ቆመ። ያገሬ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው መሬት ቁጭ ብለዋል፣ ልክ እንደ እኔ። በጣቶቻቸው መሀል የሥራ ባጄን ይዘዋል።

«ወድቆብሽ ነው ልጄ» አሉ። «እሱን ልሰጥሽ ብዬ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ» ብዬ ላነሳቸው ስጠጋ ወደ ኋላ ሸሹ። ባጁን መሬት ላይ አስቀምጠው ተነሱና ዳር ያዙ።

«እለፊ» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«የለም፣ የለም። አንቺ ቅደሚ።»

ባጁን አንስቼ ቀደምኳቸው። ምን ላድርግ?

ቤት ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«መንገዱ አሁንም ያስፈራሻል?» አለችኝ።

«አያስፈራኝም።»

«እሰይ። አንቺ ሰው አትነኪ፣ ማን ይነካሻል።»

ካለፍኳቸው በኋላ ዞሬ ሳያቸው ሽማግሌው እዚያው ዳር ላይ ዝናብ እየመታቸው ቆመው፣ እስክርቅላቸው ይጠብቁ ነበር።

«ሃሎ?» ትላለች እናቴ። «አለሽ ወይ?»