በየነች ያለችው ቃል

ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ሳታውቀው አርፋለች። ለልጆቼም ሆነ አብረውኝ ለሠሩ ሰዎች ተናግሬው አላውቅም። እኔ በማመልክበት ቤተ ክርስቲያን ለካህን የመናዘዝ ሥርዓት የለም፤ ሰው ኃጢአቱን በጓዳው ለፈጣሪው ይናገራል። እኔም በጓዳዬ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን የበደልኩት ሰው አልሰማውም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አስቀድመህ አንተ ስማኝ።

አንድ ቃል አጣምሜ ተርጉሜአለሁ። በደሌ ይኸው ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔም ለብዙ ዓመታት ትንሽ መስሎ እንዲታየኝ ደክሜአለሁ።

በወላይታ ሶዶ በመንግሥት ሥራ፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ በእንግዳውና በገበሬው መካከል የምቆመው እኔ ነበርኩ። ወላይትኛውን ከእናቴ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት አግኝቼ፣ የአንዱን ሐሳብ ሳላጎድል ለሌላው ማድረስ መቻሌ የኑሮዬ ኩራት ነበር። የበደልኩትም በሌላ ሥራ ሳይሆን በዚሁ በምኮራበት ሥራ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምኮራበት ግን ያ ቤት ነበር። ከሶዶ ወጣ ብሎ፣ የዳሞታን ተራራ ከጀርባው ያደረገ፣ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ታዳጊዎች እየኖሩ የሚታከሙበትና የሚሠለጥኑበት ቤት። መሬቱ እንዲሰጥ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። የጓሮውን እንሰት ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል፤ ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው ሲወርድ፣ ታዳጊዎቹ ፊታቸውን ለመታጠብ በረንዳው ላይ ሲሰለፉ፣ ከቢጠና የመጣው ረጅም ልጅ ለሁሉም ሳሙና ሲያቀብል፣ ተራው ለራሱ ሲደርስ ሳሙናውን አሽትቶ ሲስቅ። አንደበቱ ተይዞ የኖረ ልጅ ከአቮካዶው ሥር ቆሞ መዝሙር ሲያዜም የሰማሁበትን ማለዳ አልረሳውም። ሞግዚቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡት ነበር። ደግ ቤት ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ የቤቱ አንድ ክንፍ ለልጃገረዶች ተሠርቶ ባዶውን ቆሞ ነበር። ሰው ወንድ ልጁን ያመጣል፤ ሴት ልጁን ግን ለማያውቀው ቤት አይሰጥም። ክንፉ የዕቃ ማስቀመጫ ይሁን የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሰላም አጣሁ። አንዲት ልጃገረድ ብትገባ ሌሎች ይከተላሉ እያልኩ እከራከር ነበር። ላሊሶንና ልጁን ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ላሊሶ የቤሌ አካባቢ ገበሬ ነው። ሚስቱ ሞታ በየነችን ብቻውን ያሳድጋት ነበር። በየነች አሥራ አራት ዓመት ሆኗት ልብሷን ራሷ መልበስ አትችልም ነበር። ከምታወጣቸው ድምፆች መካከል ቃል ሆኖ የሚሰማው አንድ ብቻ ነው፤ «አዋ»። በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ቤታቸው በሄድኩ ቀን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ወደ ማሳው እያየች አዋ ትላለች፤ ላሊሶም በበቆሎው መካከል ሆኖ፣ ሳይታይ፣ ይመልስላታል። ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠራለች፤ እሱም ደግሞ ይመልሳል። ሲኮተኩት የሚውለው እንዲህ እየተጠራ ነበር። ገበያ ሲሄድ ግን በር ዘግቶባት እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየኝም። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ነበር፤ ለብቻዋ የምትሆንባቸው ሰዓታትም አስፈሪ ነበሩ። እኔም ወደ ቤታችን እንዲያመጣት መከርኩት። እስከዚህ ድረስ ያደረግኩት ሁሉ ዛሬም አይጸጽተኝም።

ታዳጊዎቹን መርምራ ወደ ቤቱ የምታስገባው፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው ዶክተር ወጣት፣ ቅን ሰው ነበረች። ወላይትኛ አትሰማም። አንድ የማታላላው ደንብ ነበራት፤ ታዳጊው ራሱ በቃል ወይም በምልክት ፈቃዱን ካልገለጸ ቤቱ አይቀበለውም። ወላጅ እንዳይጫነውም ውጭ ይቆያል። ስለዚህ ላሊሶ በረንዳው ላይ ቀረ፤ ክፍሉ ውስጥ ዶክተሯ፣ በየነችና እኔ ብቻ ሆንን። ዶክተሯ ከእኛ ጋር እዚህ መኖር ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ እኔም በወላይትኛ ደገምኩላት። በየነች ፊቷን ወደ ተዘጋው በር አዞረች።

«አዋ» አለች።

የዶክተሯ ፊት በራ። «አዎ አለች፣ አይደል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

እኔም «አዎ ብላለች» አልኩ።

አልሰማሁም ነበር ልበል? ሰምቻለሁ። ቃላቱ ስለሚቀራረቡ ተምታታብኝ ልበል? በእናቴ ጉያ የተማርኩት ቃል እንዴት ይምታታብኛል? በዚያች ቅጽበት ባዶውን ክንፍ አስታወስኩ፤ የሚመረቅበት ቀን ታየኝ። ልጅቷ አባቷን ጠራች፤ እኔ ፈቃዷን ሰጠች አልኩ። እኔ፣ በጠራ ትርጉም የምታወቀው እኔ፣ አዎ ብላለች አልኩ።

ከዚያ በኋላ ውሸቱ በራሱ እግር ሄደ። ሞግዚቶቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ የመጡ፣ ወላይትኛ የማይሰሙ ናቸው፤ ቤቱም የሚግባባው በአማርኛ ነበር። ራበሽ ሲሏት አዋ ትላለች፤ ያበሏታል። ደስ ብሎሻል ሲሏት አዋ ትላለች፤ ያቅፏታል። እምቢ የማታውቅ ልጅ ናት እያሉ «አዎ» የሚል የፍቅር ስም አወጡላት፤ «አዎ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሷም ቀልዱ ባይገባትም አብራ ትስቃለች። እኔ ደግሞ በየስብሰባው፣ በቤተ ክርስቲያንም ምስክርነት ስሰጥ፣ የመጀመሪያዋ ልጃገረድ በራሷ አንደበት አዎ ብላ ገባች እያልኩ ተናገርኩ። እልልታ ተቀበለኝ። እውነትም ሌሎች ልጃገረዶች ተከተሏት፤ ክንፉ ሞላ።

ቢሆንም ከሁሉ የከፋው ይህ አይደለም። ሁለተኛው ነው።

የወላይታ አዲስ ዓመት፣ የግፋታ በዓል ሲቃረብ ላሊሶ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዞ መጣ። በእኛ ዘንድ ግፋታን ማንም ከቤቱ ርቆ ሊያሳልፈው አይወድም፤ እሱም ልጁን ለበዓሉ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር። ግን አስቀድሞ የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው። «ጠርታኝ ታውቃለች?» አለኝ።

በዚያው ዕለት ጠዋት በረንዳው ላይ ሆና፣ ወደ እንሰቱ እያየች ስትጠራው በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ጠርታሃለች ብዬ ብነግረው ቃሉን ዶክተሯ ፊት ይደግመዋል፤ ትርጉሜም ይገለጣል። ስለዚህ «አልጠራችህም ላሊሶ፤ ለምዳለች። አሁን አማርኛ እየተማረች ነው፤ አዎ ማለት ችላለች። ብትወስዳት ይረብሻታል» አልኩት። ቅቤውን አስቀመጠና እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ያን ምስጋና ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ ሲመጣም እንዳይረብሻት ብሎ ከአጥሩ ማዶ አይቷት ይመለሳል።

በየነች በዚያ ቤት ብዙ ነገር ተማረች። ልብሷን ራሷ ለበሰች፤ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ልጣ አጥባ ድስት ውስጥ ታስገባ ነበር። ከትንንሾቹ አንዷ ስታለቅስ ሄዳ አጠገቧ ትቀመጣለች። እነዚያን ከሰዓት በኋላዎች ስናፍቅ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ወዲያው ደግሞ ልናፍቃቸው ምን መብት አለኝ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። የዚያን ቤት ደስታ በአባትና በልጅ መካከል ቆሜ የሰረቅሁት እኔ አይደለሁምን?

ዕድሜዋ ከታዳጊዎች ወሰን ሲያልፍ ወደ ቤሌ ተመለሰች። ያደረስኳት እኔ ነኝ። ላሊሶ ሸብቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀን። በየነች ከመኪናው ወርዳ አየችው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንደዚያ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም።

«አዋ» አለች፣ ሸሚዙን ጨብጣ።

ላሊሶ ራሷን ዳበሳትና ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ድሮ እንዲህ ስትል እኔን መጥራቷ ነበር» አለኝ። «አሁን አማርኛ ሆኗል። ደግ አስተምራችኋታል።»

ደግማ ጠራችው። እሱም ቅር እንዳይላት ብሎ፣ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ «አዎ፣ አዎ» እያለ መለሰላት። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

ባለፈው ግፋታ በአውቶቡስ ሄጄ ልነግረው አስቤ ነበር። ሄድኩም። ከእንሰት የተሠራ፣ ቅቤ የጠገበ ሙቿ አቀረበልኝ። በበዓሉ ደንብ የተጣላ ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም፤ የመንደሩ ሽማግሌ ቅሬታ ያለው ይናገር ሲሉ ላሊሶ እኔ የተጣላሁት ሰው የለም ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ወደ እኔም ተመለከቱ። እኔም የለም አልኩ። በየነች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ወደ ማሳው ትጣራ ነበር፤ ላሊሶ እየበላ፣ ፈገግ እያለ ያዳምጣታል፤ አይመልስላትም።

በዓላማዬ ደግነት አላመካኝም። ክንፉ ሞልቷል፤ ልጅቷም ተምራለች፤ ይህ ሁሉ ያለ ውሸቴም ሊሆን ይችል እንደነበር ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ ባውቅም በደሌን አያቀለውም። ከአንተም ከአንባቢዬ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ለማለት መብት ያለው ሰው ቤሌ ነው ያለው። ይህን የጻፍኩት ቃሉን አንድ ጊዜ በሰው ፊት ካወጣሁት ተመልሼ ልውጠው እንዳልችል ነው።

ነገ ጠዋት በቤሌ አውቶቡስ እሄዳለሁ። በእናቴ ቋንቋ እነግረዋለሁ፤ ሌላ አስተርጓሚ በመካከላችን አይገባም። የምለውን ደጋግሜ አጥንቻለሁ፤ ላሊሶ፣ እዚያም ሳለች ስትጠራህ ነበር፣ ዛሬም የምትጠራው አንተን ነው፣ መልስላት።