እስኪያልቅ የተነዳው ሞተር

ከሁሉ የምፈራው ሰው ፊት ሞተር መግፋትን ነበር። ቤቴ ሎጊያ፣ ቢሮዬ ሰመራ ነው። በሙቀቱ ምክንያት የምሳ እረፍታችን ረጅም ስለሆነ መንገዱን በቀን አራት ጊዜ እሄድበታለሁ። ባጃጅ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ተጣብቄ መሄድ ሲሰለቸኝ፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሞተር ልገዛ ወሰንኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ጠዋት ሞልቼው ከወጣሁ፣ ማታ ሳልገፋው ቤቴ እንዲያደርሰኝ። ርቀቱን ደመርኩ፤ ለሙቀቱና ለነፋሱ ጥቂት ጨመርኩና ደብተሬ ላይ «አርባ ኪሎ ሜትር» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

የመጀመሪያውን ያየሁት ሰመራ ነው። ቀይ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ሻጩ ቁልፉን አዙሮ ዳሽቦርዱ ላይ የበሩትን አምስት የባትሪ መስመሮች አሳየኝ።

«ይኸው ሙሉ ነው። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይሄዳል።»

«ሄዶ ያውቃል?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ እህቴ?»

«ምንም።»

ያረጀ ባትሪም ሲሞላ አምስቱንም መስመር ያበራል። እውነቱ የሚታወቀው እስኪያልቅ ሲነዳ ብቻ ነው። ካለቀ በኋላ የሚመለሰው ደግሞ ተገፍቶ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት እናቴን ልጠይቅ አዋሽ በሄድኩ ጊዜ ነው። የሞተሩ ባለቤት ከወሎ መጥተው ምግብ ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው፤ ዳቦ ሲያመላልሱበት የኖሩት ሰማያዊ ሞተር ጥላ ሥር ቆሟል። አንዱ ስፖኪዮ የለም። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በመጨረሻ ጥያቄዬን ደብተሬ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፦ «እስኪያልቅ ልንዳው?»

አንብበው ሳቁ። «ንጂው እንጂ! እናትሽን አውቃታለሁ፣ የት ትደርሻለሽ? ብቻ አንቺው ገፍተሽ ታመጪዋለሽ፤ እኔ ጉልበቴን ያመኛል።»

ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ አዋሽ አርባ ነዳሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ሄድኩ። ለሁለተኛ ጊዜ እዚያ ስደርስ አርባ ኪሎ ሜትር ሞልቶ አልፏል። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ስመለስ ግን፣ አዋሽ ከሩቅ መታየት ስትጀምር፣ የመጨረሻው መስመር ጠፋ። አርባ ዘጠኝ። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ።

ከጅቡቲ የሚመጣ የተሳቢ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እህቴ፣ ቤንዚን ልቅዳልሽ?»

«መብራት ከጫንክ ቅዳልኝ!»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሾፌሩ ክላክሱን እያስጮኸ፣ እየሳቀ አለፈ። እኔም መሪውን እንደያዝኩ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከተማ ስገባ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«አለቀብሽ?» አለኝ አንዱ።

«አርባ ዘጠኝ ሄዶ ነው!» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰሙ።

የሞተሩ ባለቤት ምግብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቁጥሩን ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። «ማሻአላህ! ወላሂ እኔም አላውቅም ነበር። አሁንማ ዋጋ ልጨምር እንዴ?» ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ቀልዴን ነው ልጄ። ባልኩሽ ዋጋ ያንቺ ነው። ነይ ውኃ ጠጪ።»

ሞተሩ ኤሱዙ ላይ ተጭኖ ሎጊያ ገባ። ስፖኪዮ አስገጠምኩለት። ማታ ቤቴ ስደርስ አንድ መስመር ሁልጊዜ ይተርፈዋል። እስካሁን መንገድ ላይ የቀረሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት። የሥራ ባልደረቦቼ ባጃጅ ውስጥ ሆነው ሲያልፉ ስገፋ አዩኝ። እጄን አውለበለብኩላቸው። መግፋቱንስ አውቅበታለሁ።