«ወደሽው ነው?»

ዛሬ ሱሉልታ የሰርግ ፎቶ ላነሳ ሄጄ፣ የአጃቢ መኪኖቹ ክላክስ የሰበታውን ግቢያችንን አስታወሰኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የእህቴን የአስቴርን ቬሎ ጫፍ ይዣለሁ። ፎቶ አንሺው ኦቦ ገመቹ ካሜራቸውን ዝቅ አድርገው አስቴርን፣ «ልጄ፣ ወደሽው ነው?» አሏት በቀስታ።

እንባዋ ኩሏን ይዞት ወረደ።

ቬሎውን ያሉ መስሎኝ፣ «አዎ፣ በጣም ወዳዋለች!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ያንሱ እንጂ! ሰው እየጠበቀ ነው» አለ አባቴ። አነሱ።

አስቴር አሁን ቡራዩ ናት። ፎቶው ሳሎኗ ተሰቅሏል፤ ከባሏ ጋር መነጋገር ካቆሙ ግን ዓመታት አልፈዋል።

የዛሬዋም ሙሽራ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር። አልጠየቅኋትም። «ቀና በይ፣ የኔ ቆንጆ» ብዬ አነሳኋት።