ዲስኬቱን ያቃጠልን ጊዜ

ክልሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ አሶሳ ውስጥ ዛሬ አንድ ቢሮ፣ ነገ ሌላ ቢሮ ይከፈት ነበር። ቢሮ ሁሉ ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ማንም አያነብም፤ በማሽን ካልተጻፈ ማኅተም አያርፍበትም። አንዲት ጎረቤቴ፣ አባቷ ሞቶ እናቷንና ታናናሾቿን የምታበላ ልጅ፣ ይህን አይታ አንድ ኮምፒውተር በብድር ገዛች። በቀርከሃ በተሠራች ሱቅ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ከፈተች። ከጧት ጀምሮ ተላላኪ ደጇን ሞልቶት ይውላል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልተጨመረልኝም። ከወለጋ መጥቼ እዚህ ሳረጅ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አደረጉኝ። በዚያ ክረምት ልጅቷ ጌታን ተቀበለች። የኛ ደንብ የታወቀ ነው። ያመነ ሰው ጨሌውን፣ ክታቡን፣ የአሮጌውን አምልኮ ዕቃ ሁሉ ከቤቱ ያወጣል፤ ሽማግሌዎች ባሉበት እየተዘመረ ይቃጠላል። የአባቴን ጨሌ እሳት ውስጥ የጣልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ልጅቷ ግን ጨሌም ክታብም አልነበራትም። ከቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ጋር ተቀምጠን ሳለ መጥታ መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር አሳየችን።

“ዲስኬት ይባላል” አለች። “የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በዚህ ነው የመጣልኝ። ሳልገዛው ከሰው ገለበጥኩት። ማሽኑን በከፈትኩ ቁጥር ‘ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው’ የሚል ይወጣል። ዱሮ ልብ አልለውም ነበር። አሁን ዓይኔን ይወጋኛል።”

“ባለቤቱ ምን ጎደለበት?” አልኳት። “የሰው በሬ ቢነዳ በረቱ ባዶ ይቀራል። ይሄን አንቺም አለሽ፣ እሱም አለው። ታዲያ የቱ ላይ ነው ስርቆቱ?”

“አባባ፣ ሰውየው እኮ ሊበላበት ነው የሠራው።”

“ግዢዋ እንግዲያ!”

“ዋጋውን አስጠይቄ ነበር። ሱቄን ከነዕቃው ብሸጥ አይሞላም።”

ወንጌላዊው ግን፣ “ልቧ ከከሰሳት እኛ ምን እንላለን” አለ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ በግቢው እሳት አነደድን። ማገዶ ያደረግነው ቀርከሃ ደረቅ ስለነበረ እንደ ጥይት ይንጣጣል። ዲስኬቱ ተጨማደደ፣ ሽታው አስነጠሰን፣ እኛም ዘመርን። “ነጻ ወጣሽ!” ብለን መረቅናት። እናቷ ብቻ አላጨበጨበችም። ነገ ምን ልንበላ ነው የሚል ነገር ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

በማግስቱ ጧት ልጅቷ ቤቴ መጣች።

“አባባ፣ ፕሮግራሙ አለ።”

“የት?”

“ማሽኑ ውስጥ።”

“አንቺ ልጅ፣ አቃጥለነዋል! አመዱን ረግጬዋለሁ!”

“የተቃጠለው ማምጫው ነው። እሱማ ከገባ ቆይቷል። አውቅ ነበር፤ ‘ነጻ ወጣሽ’ ስትሉኝ ይበቃል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።”

አላመንኳትም፤ ተከትያት ሄድኩ። ማሽኑን ከፈተችው። መስታወቱ ላይ ያ ጽሑፍ ወጣ። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት፤ ያ፣ ለ፣ ባ፣ ለ፣ ቤ፣ ቱ። እሳት የገባ ነገር ሁሉ አመድ ሲሆን ነው የማውቀው። ይሄ ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ቦታ አይይዝ፣ ክብደት የለው፣ ተሰርቆ አይጎድል፣ ነድዶ አያልቅ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ከቻለ፣ እሱን የፈጠረው ምን ያህል ነው እያልኩ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

ከዚያ የእናቷ ፊት ትዝ አለኝ። “ስሚኝ” አልኳት ቀስ ብዬ፣ “ጉባኤው ነጻ ብሎሻል። ይሄን የምናውቀው አንቺና እኔ ነን። ሥራሽን ሥሪ፣ እናትሽን አብዪ።”

ሳቀች። “አባባ፣ ትናንት ሲዘመር ከሁሉ በላይ የጮኸው የእርስዎ ድምፅ አልነበረም እንዴ?”

ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞራ ጣቷን አንቀሳቀሰች። መስታወቱ ላይ በእንግሊዝኛ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለ።

“ምን ይላል?”

“‘በእርግጥ ይጥፋ ወይ?’ ነው የሚለኝ።”

እኛ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለን አልጠየቅናትም፤ ማሽኑ ጠየቃት። ቁልፉን ተጫነችው። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ዝማሬ የለ። “ሄደ” አለች።

ወዲያው የአንድ ቢሮ ተላላኪ፣ የአገሬው የበርታ ሰው፣ ወረቀት ይዞ ገባ። “እህቴ፣ ይሄ ደብዳቤ ቶሎ ነው፤ አለቃ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።”

“አልችልም ወንድሜ፣ ሌላ ጋ ውሰደው።”

“መብራት የለም ነው?”

“መብራት አለ።”

“እንግዲያ ማሽን ታመመ?”

አዎ በይው ብዬ ከኋላው በዓይኔ ጠቀስኳት። አንድ ቃል ብትል ነገሩ በሰላም ያልፋል፣ ደንበኛዋም አይርቃትም። አላየችኝም፤ ወይም አይታኝ እንዳላየች ሆነች።

“ማሽኑ ደህና ነው። መጻፊያው የሰው ነበረ፤ አጠፋሁት።”

“ወላሂ!” አለ ሰውየው፣ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ። “ከተማው ሁሉ በሰው መጻፊያ ይጽፋል እኮ! አንቺ ብቻ ምን ሆነ?” ወረቀቱን አጣጥፎ እየሳቀ ወጣ።

ሱቁ ተዘጋ፤ ኮምፒውተሩም ለብድሩ ተሸጠ። ልጅቷ ገበያ ውስጥ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሽንኩርት መሸጥ ጀመረች። ሞኝ ነች ያላት ብዙ ነው፤ ከኛው ምእመናንም ጭምር። እኔ በግትርነቴ የታወቅሁ ሰው ነኝ፤ ለማንም መንገድ አልለቅም። በሽንኩርቷ ፊት ሳልፍ ግን እርምጃዬ በራሱ ይዘገያል፤ ቅዱስ ቁርባን ልቀበል ወደ ፊት እንደምሄድ ነው የምራመደው።