ሻኛ ያለው ቀጭኔ

የመጀመሪያ ሥራዬ የበሬ ራስ ነበር። ቆቦ ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ አዲስ ሥጋ ቤት የከፈተ ሰው ከበሩ በላይ የሚሰቀል ቆርቆሮ ተሸክሞ የሚጽፍበትና የሚሥልበት ሰው ሲያፈላልግ አገኘሁት። «ከዚህ በፊት ሠርተሃል?» አለኝ። «ደሴ ላይ ያልጻፍኩበት ቤት የለም» አልኩት። ደሴን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ብሩሽም አልነበረኝም። ካረደው በሬ ጭራ ላይ ፀጉር ቆርጬ በእንጨት ጫፍ አሰርኩና ብሩሽ አደረግኩት። መስመሩን ለማቅናት ክር የከሰል ዱቄት ውስጥ ነክሬ ቆርቆሮው ላይ ወጠርኩና ለቀቅኩት። ሲያልቅ ሰውየው ራቅ ብሎ አየ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከዚያም «ይኼ በሬ የትም ብሄድ ያየኛል» አለ። በዚያ ቀን ሠዓሊ መሆኔን አወቅኩ።

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ቆቦ የሚያድሩት የጭነት መኪኖች ካሶኒ ላይ የተጻፈውን በጣቴ አፈር ላይ እየገለበጥኩ ተማርኩ። አስተምሬዋለሁ የሚል ሰው ብታገኙ አትመኑት።

ደርግ ሲመጣ ሥራዬ በረታ። ከዋጃ እስከ ጎብዬ መንገድ ላይ የቆመው ቅስት፣ ቀይ ኮከቡ፣ ማጭድና መዶሻው የእኔ እጅ ነበር። ቀዩን ቀለም መንግሥት ይሰጠኛል፤ ቀለም የሚያቀጥነውን አኳራጅ እኔ ከደሴ አስመጣለሁ። ሹም ሲነሣ ስሙን አጥፍቶ የተተኪውን ስም በዚያው ቦታ መጻፍም የእኔ ፈንታ ነበር። የድሮው ስም ከሥር እንዳይታይ አድርጎ መቀባት ጥበብ ነው። በዚህ ከእኔ የሚስተካከል አልነበረም።

የሸንጎ ምርጫ በመጣበት ዓመት የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነበር። ከቆቦ በስተምሥራቅ ቆላው ላይ ላለ ገበሬ ማኅበር ሦስት ሳንቃ እንድሥል አዘዘኝ። ፊደል የማይለይ መራጭ ስለሚበዛ ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ እንስሳ ተሰጥቷል። ለአንዱ አንበሳ፣ ለአንዱ ዝሆን፣ ለአንዱ ቀጭኔ።

«የሚገለበጥ ሥዕል አለ?» አልኩት።

«ገና አልደረሰም። ቀጭኔ ታውቃለህ አይደል?»

«እንዴታ ጓድ!»

አንበሳ በሳንቲም ላይ አውቃለሁ። ዝሆን ከክብሪት ቀፎ ላይ ገልብጫለሁ። ቀጭኔን ግን አንገቷ ረጅም ነው ሲሉ ከመስማት በቀር አላውቃትም። አንገቱ የረዘመ አራት እግር ያለው እንስሳ ደግሞ በእኛ አገር አንድ ነው፤ አፋሮች ጨው ጭነውበት የሚመጡት። እሱን ሣልኩ፤ አንገቱን ብቻ ጨመርኩለት። ሻኛውንም አልተውኩም፤ እንዲያውም ጥላ ሰጥቼ አሳመርኩት። ኃላፊው መጥቶ ሳንቃው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። «ቀጭኔ ነው?» አለ። «ቀጭኔ ነው» አልኩ። «ጥሩ ነው» ብሎ ፈረመ።

ዕጩዎቹ ከሕዝቡ ጋር የተዋወቁት ዋርካ ሥር ነው፤ ሳንቃዎቼም እዚያው ተደርድረው ነበር። ሦስቱም በአንድ መኪና መጡ። ገበሬው ጥያቄው አንድ ነበር። በዚያ አገር እርሻ የሚጠጣው በክረምት ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በግድብ ጠልፎ በቦይ በመምራት ነው። ላይ ውሃና ታች ውሃ የሚባሉት ሁለቱ መንደሮች ከዝናቡ በፊት ግድቡን በደቦ ካልሠሩት ጎርፉ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ማሽላው ይደርቃል። ውሃውን የሚያከፋፍሉት አያ ጓንጉል፣ የውሃ አባት የሚባሉት ሽማግሌ፣ ተነሡ።

«ልጆቼ፣ የግድቡ አፍ በየዓመቱ ይናዳል። ሲሚንቶ ታመጡልናላችሁ?»

ባለ አንበሳው ስለ ሰፊው ሕዝብ ተናገረ። ባለ ዝሆኑ «ጓድ በተናገሩት ላይ ምንም የምጨምረው የለም» ብሎ ያንኑ ደገመው። ባለ ቀጭኔው ደብተሩን ገልጦ አነበበ፤ እሱም ያው ነበር።

«ወላሂ፣ ብትቀላቅላቸው መልሰህ አትለያቸውም!» አለች ሰሊጥ ነጋዴዋ እቴ ዘሐራ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

የሚለዩት በእንስሳው ብቻ ሆነ። ታች ውሃዎች ከአፋር ጋር ይነግዳሉና «ግመሉ የእኛ ነው፤ ጥማት ያውቃል» አሉ። ላይ ውሃዎች «ዝሆን ድንጋይ ያነሣል፤ ግድብ የሚሠራው እሱ ነው» አሉ። አንበሳውን ሁለቱም ፈሩት። ሳምንት ሳይሞላ የላዩ ሰው የታቹን «ጨው ላሽ» ይለው ጀመር፤ የታቹ የላዩን «ኩምቢ» ይለዋል። የደቦው ቀን ሲደርስ ግድቡ ላይ የተገኙት አያ ጓንጉልና ሁለት አካፋ ብቻ ነበሩ። ዕጩዎቹን ዳግም ያያቸው የለም። ሰው ስለማያውቀው ሰው እንዴት እንደዚያ እንደሚጣላ ያኔም አልገባኝም፤ አሁንም አልገባኝም። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሥዕሌ እንዲህ ሰው ሲያንቀሳቅስ ደስ ብሎኝ ነበር።

በምርጫው ቀን ሳንቃዎቼ ወደቆሙበት ትምህርት ቤት ግቢ ሄድኩ። የምርጫው ወረቀት ከበላይ መሥሪያ ቤት ታትሞ መጥቷል። እቴ ዘሐራ ከታች ውሃ ሰዎች ሁሉ ቀድማ ገባችና ወረቀቱን ይዛ ተመልሳ ወጣች።

«ይኼ ምንድነው? ነብር ነው ፍየል? ግመላችን የት ሄደ?»

ወረቀቱ ላይ ያለው እንስሳ ሻኛ የለውም፤ ገላው ሁሉ ነጠብጣብ ነው። ከኋላዋ ያሉት ወረቀቱን ተቀባበሉት። «ግመሉን አወጡብን!» አለ አንዱ። «ኩምቢዎቹ ናቸው!» አለ ሌላው። ላይ ውሃዎች በሌላው ሰልፍ ቆመው ሳቁ። ዱላ ከትከሻ ወረደ። ሚሊሻው ጠመንጃውን አቀባበለ። ኃላፊው ሮጦ መጣና ክንዴን ያዘ። «ይኼ አሻጥር ነው፤ ትጠየቅበታለህ!» አለኝ በጆሮዬ።

አያ ጓንጉል በሁለቱ ሰልፎች መካከል ገብተው ቆሙ። ሳንቃዬን በከዘራቸው ጠቆሙ።

«ሰይድ፣ ይኼን የሣልከው አንተ ነህ። እንስሳው ምንድነው?»

«ቀጭኔ ነው፣ አያ።»

«ወረቀቱስ ላይ ያለው?»

«እሱም ቀጭኔ ነው።»

«ሁለቱም ቀጭኔ? የትኛው ነው እውነተኛው?»

መታሰሩን ያን ያህል አልፈራሁም። ከሥጋ ቤቱ ቀን ጀምሮ «አላውቅም» ብዬ አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ዱላ ግን ከእኔ ሻኛ የተነሣ ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያወርደው አልነበረም።

«ቀጭኔ አይቼ አላውቅም» አልኩ። «ግመል ነው የሣልኩት። ማንም ምንም አላወጣባችሁም።»

ከታች ውሃ አንድ ሰው «ታዲያ ለማን ነው ስንጣላ የከረምነው?» አለ። ከላይ ውሃ ሌላው ሳቀ፤ ያ ሳቅ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

አያ ጓንጉል ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ጓድ፣ እርስዎስ አይተዋታል?»

ኃላፊው ክንዴን ለቀቀ።

«እሺ» አለች እቴ ዘሐራ ወረቀቱን እያራገበች፤ «ታዲያ እኔ ማንን ልምረጥ?»

«ውሃውን ወደ ማሳሽ የሚመልስልሽን» አላት አንዱ።

«እሱማ ወረቀቱ ላይ የለም!»

ቢሆንም መረጡ፤ አለመምረጥ አይቻልም ነበርና። ባለ ቀጭኔው አሸነፈ ተባለ። ታች ውሃዎች ነጠብጣቡን አንፈልግም ብለን ዝሆን መረጥን ይላሉ፤ ላይ ውሃዎች ድሮም ዝሆን ነው የመረጥነው ይላሉ። ቀጭኔው በማን ድምፅ እንዳሸነፈ ብዙ ሰው ጠየቅኩ። የመለሰልኝ የለም።

አልታሰርኩም። ፊርማው የኃላፊው ነበርና ነገሩ ተዳፈነ። ሻኛውን በምላጭ ፍቄ እንድቀባው ብቻ አዘዘኝ። ሦስት ጊዜ ቀባሁት። የስንት ሹም ስም ያጠፋሁ ሰው፣ ያን ሻኛ ማጥፋት አቃተኝ፤ ፀሐይ ሲመታው ከሥር ይወጣል።

ቀብቼ በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን አያ ጓንጉል ደቦ ጠሩ። ሁለቱም መንደር ወጣ። እኔንም ጠሩኝ፤ ድንጋይ ተሸከምኩ። የግድቡ አፍ ላይ የሚቆም ሰፊ እንጨት ሲጠፋ ሽማግሌው ሳንቃውን አስመጡ። «ዋንዛ ነው፤ ቀለም ጠጥቷል፤ ውሃ አያስገባም» አሉ። ቀጭኔዬን በጎኑ አጋድመው ቦዩ ላይ ተከሉት።

ያሸነፈው ሰው እዚያ አገር ተመልሶ አልመጣም። ሳንቃው ግን ሁለት ክረምት ሙሉ ውሃ መለሰ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከእኔ የተሻለ እጅ በዚያ አገር አልነበረም፣ አሁንም ያለ አይመስለኝም። ደንበኛ ያላየሁትን ነገር ሲያዘኝ ግን መጀመሪያ «አላየሁትም» እላለሁ። ቀለም የምበጠብጠው ከዚያ በኋላ ነው።